ግማሽ ነጥብ

ሌሊት በአስር ሰዓት መናኸሪያ ስትደርሺ፣
ደረትሽን ዳብሺ፣ ፓስፖርትሽን አትርሺ።
የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮሽን ሲነክሰው፣
በሹራብ ሸፍኚው፣ ነገ ሥራ አለው።
መጀመሪያ የሚፈተን እሱ ነው፣ ጆሮ፤
ድምፁ አንዴ ይለቀቃል፣ አይመለስም ዞሮ።
አንድ ቃል ቢያመልጥሽ ተከትለሽ አትሩጪ፤
ያለፈ ሚኒባስ ነው፤ የሚመጣውን አድምጪ።

እንግዳወርቅ፣ አንቺ አይደለሽ፣ በማዋለጃው ክፍል ማታ፣
በአንዱ ጎን ጀነሬተሩ፣ በአንዱ የአስታማሚ ሁካታ፣
በእንጨት ቀንድ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ የፅንስ ልብ የምትለዪ፣
«መቶ አርባ አራት፣ ደህና ነው» የምትዪ?
ታዲያ ምን ያስፈራሻል፣ ቤት ፈላጊ ለንደን ያለ
ስልክ ቁጥሩን ቢነግርሽ፣ «ድርብ ሰባት» እያለ?

ንባቡ ላይ ስትደርሺ ጥያቄውን አስቀድሚ፤
ጽሑፉን እንደ ዳዊት ከዳር እዳር አትድገሚ፤
ስሙን፣ ዓመቱን፣ ቁጥሩን በዓይንሽ ጫፍ ልቀሚ።
ባዶ ቦታም አትተዪ፤ ለስህተት ቅጣት የለውም።
ከሁሉ የሚከፋው ግን ሦስት መልስ ያለበት ነው፤
«እውነት»፣ «ሐሰት»፣ ሦስተኛው «አልተገለጸም» የሚለው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ትዝ ይልሻል፣ ስለ በግ ፀጉር ነበር፤
«እርጥብ ሱፍም ያሞቃል» የሚል ጥያቄ ቢኖር፣
አንቺ የመሐል ሜዳ ልጅ፣ ባና ተጠቅልለሽ ያደግሽ፣
«እውነት»ን በእርሳስ ከበብሽ።
እውነት ነው፣ እኔም አውቃለሁ። ጽሑፉ ግን አላለም።
እነሱ ዘንድ ያልተጻፈ፣ ሞቆሽም ቢሆን፣ የለም።

ለመጻፍ አንድ ሰዓት ነው፤ ለአጭሩ ሃያ ቁጠሪ፣
ለረጅሙ አርባ ደቂቃ፤ መጨረሻ ላይ አንዴ መርምሪ።
ግራፉ ጣርማ በር ነው፤ ዳገት ቁልቁለቱን ንገሪ፣
እያንዳንዱን ጥምዝ ግን እንደ ረዳት አትጥሪ።

ድርሰቱን አደራ።
የእኛ ሰው ሽማግሌ ሲላክ ከዝናቡ ይጀምራል፣
ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ በሬው ያወራል፤
«ልጅህን ለልጃችን» እስኪል ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፣
ልጅቷም ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ጨርሳለች።
ፈታኙ ግን ወንበር አይስብም፤ በር ላይ «ምን ፈለግሽ?» ይላል፤
በመጀመሪያው መስመር ንገሪው፣ ምክንያቱ ይከተላል።
እኔ በሩቅ ጀመርኩት። ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፣
ሦስቱንም በግማሽ ነጥብ ከደጁ ተመለስኩ።

ለንግግሩ ካርድ ሲሰጥሽ አንዲት ደቂቃ አለሽ፤
«ስለምታውቂው ወንዝ ተናገሪ» ቢልሽ፣
ቴምዝን አትፈልጊ፣ በሬሳን ንገሪው፤
ክረምት ማጓራቱን፣ በጋ መቅጠኑን፣
ድንጋይ ላይ የተሰጣውን የሰው ሁሉ አንሶላ፣
እንዳየሽው፣ ሳትቸኩዪ፣ ተራ በተራ።
«ውርጭ» የሚለው ቃል ድንገት ቢጠፋብሽ፣
ዝም አትበዪ፣ አትፈሪ፣ ወደ ጣራ አትዪ ቀና ብለሽ፤
«ሣር ላይ ያደረ ነጭ ብርድ» በዪው።
እዚህ ላይ ብቻ መዞር ይፈቀዳል፤ ተጠቀሚው።

ዛሬ ደብተርሽን አጥፈሽ፣ በሩ ላይ ቆመሽ፣ «ጋሼ፣
አራተኛ ለምን አልተፈተኑም?» አልሽኝ። ጠመኔዬን ይዤ
ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ የተጠፋውን አጠፋሁ።
ከታች የፋርማሲው ሰው መዝጊያ ሲጎትት ሰማሁ።
ክፍያው ነው፣ የእናቴ ስኳር ነው፣ ፍርሃት ነው፤
የቱንም ብትከብቢ፣ መልሱ ሦስተኛው ነው።

በይ አሁን ሂጂ፣ ተኚ። ዛሬ ምንም አታንብቢ።
ጥያቄ በሕልምሽ ቢመጣ፣ ሳታነቢ ክበቢ።
ሁለት እርሳስ ቀርጬልሻለሁ፤ ቀዩ ከሱቅ ነው፤ ቢጫው
ለአራተኛው የገዛሁት፣ አራት ዓመት ኪሴ የቆየው፣
ላጲሱ ገና ያልተነካ።